ሽታዬና የካናዳው ቅጽ

ሽታዬን የሚቀፋት ነገር አልነበረም። አሥራ ሁለት ዓመት ዓሣ ስትበልት የኖረች ሴት ምን ሊቀፋት? ጠዋት ጠዋት ከባቱ በበረዶ ሳጥን የሚመጣላትን ቆሮሶ ዓሣ፣ አዳማ ፍራንኮ አካባቢ ባለችው ባለ አንድ በር ሱቋ ተቀምጣ ሆዱን ትቀድዳለች፣ አንጀቱን ትጎለጉላለች፣ ቅርፊቱን ትፍቃለች፣ ከግራና ከቀኝ ገፍፋ ፊሌቶ ታወጣለች። ደንበኞች አፍንጫቸውን ይዘው በሩ ላይ ሲቆሙ ትስቅባቸዋለች። «ስትበሉት ያልሸተታችሁ ሲበለት ነው የሚሸታችሁ?» ትላቸዋለች። ሥራ ስትጨርስ እጇን በሎሚ ታሻለች፣ በሳሙና ትደግማለች፣ በዚያው እጇ የዘጠኝ ዓመት ልጇን የቦንቱን ጸጉር ትጎነጉናለች። ልጅቷም ሽታውን ለምዳዋለች።

ዘንድሮ ግን ሽታዬን ሰው ቀፈፋት። ወረቀት ቀፈፋት፣ ማኅተም ቀፈፋት፣ የባሏ ዘመድ ቀፈፋት፤ መጨረሻ ላይማ ስልክ ሲጠራ ራሱ ያጥወለውላት ጀመር። ይህ ሁሉ የመጣው ባሏ ወዬሳ ካናዳ ሆኖ በሞላው አንድ ቅጽ ነው።

ወዬሳ አዳማ ውስጥ ስም ያለው ሥጋ ቆራጭ ነበር። ሻኛውን ሲያወጣ፣ ጎድኑን ሲለይ፣ ቢላዋው አጥንት አይነካም ይባልለት ነበር። ከአራት ዓመት በፊት ካናዳ የወሰዱትም ለዚሁ እጁ ነው። የወሰዱት ግን በጊዜያዊ የሥራ ፈቃድ ነው፤ ፈቃዱ ከአንድ ሥጋ ፋብሪካ ጋር የታሰረ ስለሆነ ፋብሪካውን ከለቀቀ አገሩንም ይለቃል። እዚያ ደግሞ እንደ አዳማ በሬውን ከአናቱ እስከ ሰኮናው የሚያውቅ ቆራጭ አይፈልጉም። እያንዳንዱ ሰው አንዲት ቁራጭ ብቻ ነው የሚቆርጠው። ወዬሳ ፈረቃው እስኪያልቅ ቆሞ፣ በሰንሰለት ተንጠልጥሎ ከሚያልፍ የበሬ ትከሻ ሥር አንዲት ጅማት ይበጥሳል፤ ቀጣዩ ይመጣል፣ እዚያም እሷኑ ይበጥሳል። ከእንቅልፉ ሲነቃ ጣቶቹ አልዘረጋ ይሉታል፤ ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክሮ አንድ በአንድ ነው የሚያላቅቃቸው።

ይህን ሁሉ የቻለው ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ ለማግኘት ነው። ያ ፈቃድ ከተሰጠው ከሰንሰለቱ ይላቀቃል፣ የፈለገው ቦታ ይሠራል፣ ሽታዬንና ቦንቱንም ይወስዳል። አራት ዓመት በስልክ የኖረው ቤታቸው እንደገና ቤት ይሆናል። ሽታዬ ሱቋን ለማን እንደምታስረክብ ሳይቀር በልቧ ወስና ነበር።

ቦንቱን ሽታዬ አልወለደቻትም። እኛ ለነገሩ መያዣ ብለን እንናገረው እንጂ በዚያ ቤት ይህን ቃል ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ማንም አልተነፈሰውም። ሽታዬ ልጅ አልሆነላትም ነበር። በዚያን ጊዜ ባቱ ሐይቅ ዳር ዓሣ የምትሸጥላት ዱሬቲ የምትባል ሴት ነበረች፤ ባሏ አጥማጅ ነው፣ አራት ልጆች አሏት፣ አምስተኛውን አርግዛለች። ሁለቱ ሴቶች ከገበያ አልፈው ወዳጅ ሆነዋል። አንድ ቀን ዱሬቲ ዓሣ እየመዘነች፣ ሆዷን በአገጯ እያሳየች፣ «ይቺ ያንቺ ናት» አለቻት። ቀልድ አልነበረም። ልጅቷ አርባ ቀን ሲሞላት ሽማግሌዎች ተቀመጡ፣ በኦሮሞ ወግ ጉዲፈቻ ተደረገ። ዱሬቲ በሽማግሌዎቹ ፊት «እኔ አልወለድኳትም፤ የወለደቻት ሽታዬ ናት» ብላ ማለች። ሽታዬና ወዬሳም «የአብራካችን ክፋይ ናት» ብለው ማሉ። ገንዘብ የለ፣ ወረቀት የለ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሽታዬ ከዱሬቲ ዓሣ መግዛት ተወች፤ ዱሬቲም አዳማ ድረስ መጥታ «እስቲ ልያት» አላለችም። የተሰጠች ልጅ በእነሱ ዘንድ «የተሰጠች» አትባልም። ቀበሌ የልደት ወረቀት ሲያወጡላትም እናት ሽታዬ፣ አባት ወዬሳ ተብሎ ተጻፈ፤ የጻፈውም ሰው ምንም አላጣራም።

ስለዚህ ወዬሳ የመኖሪያ ፈቃዱን ማመልከቻ ሲሞላ ልጅ ከሚለው ፊት ለፊት «ቦንቱ ወዬሳ» ብሎ ጻፈ። ቀጥሎ «የተወለደች» እና «በጉዲፈቻ» የሚሉ ሁለት ሳጥኖች ነበሩ፤ የመጀመሪያው ላይ ምልክት አደረገ። ዋሸሁ ብሎ በሕልሙም አላሰበም። ያን ሁሉ ሽማግሌ አስቀምጦ የማለበት ነገር ነው! ሽታዬ ደግሞ ለማመልከቻው የጤና ምርመራ አዲስ አበባ ተጠራች። ሐኪሟ «ስንት ጊዜ አርግዘሽ ታውቂያለሽ?» ስትላት «አንድም ጊዜ» አለች። ለሐኪም ይዋሻል እንዴ? ለሐኪም የዋሸ ሰው ያልሆነ መድኃኒት ነው የሚታዘዝለት። ለቅጹ ልጇን ነገረች፣ ለሐኪሟ ማህፀኗን ነገረች። ሁለቱም እውነት ስለነበሩ አንዱ ከሌላው ይጣላል ብላ አልጠረጠረችም። እንዲያውም ያን ቀን ደም ግፊትም ስኳርም የለብሽም ስለተባለች ደስ ብሏት ነው የተመለሰችው።

ከአምስት ወር በኋላ ከካናዳ ኢሚግሬሽን ደብዳቤ መጣ። ወዬሳ በቴሌግራም ላከላት፤ ከሥሩም በአማርኛ አስተርጉሞ ጨመረበት። ሚስትህ አርግዛ አታውቅም፣ ልጅህ ግን የተወለደች ተብላለች፤ ይህ አይገጥምም ይላል። ስለዚህ በስልሳ ቀን ውስጥ ወይ የአባት፣ የእናትና የልጅ የዲኤንኤ ምርመራ፣ ወይ ፍርድ ቤት ያጸደቀው የጉዲፈቻ ማስረጃ ይቅረብ፤ ካልቀረበ ማመልከቻው እንዳለ ሊወድቅ ይችላል። የወዬሳ የሥራ ፈቃድ ሊያልቅ የቀረው አራት ወር ነበር። ፋብሪካው ደግሞ ከእንግዲህ አላድስልህም ብሎታል።

የደብዳቤው ወሬ ከማን አፍ እንዳመለጠ ሽታዬ አላወቀችም። በሦስተኛው ቀን የወዬሳ ታናሽ ወንድም ጋሮምሳ ሱቋ በር ላይ ተገተረ። ለወትሮው በዚያ በኩል አያልፍም፤ ዓሣ ይሸተኛል ይላል። ያን ቀን ግን ገብቶ የበረዶ ሳጥኑ ላይ ተመቻችቶ ተቀመጠ።

«እትዬ ሽታዬ፣ አካም ጂርታ፣ እንዴት ነሽ? ጭንቀትሽን ሰምቼ እንቅልፍ አጣሁ» አለ።

«ምን ሰማህ?»

«የልጅቷን ነገር ነዋ። በደም ትመርመር ብለዋል አሉ። እኔ መላ አግኝቻለሁ።» ወደ በሩ ገልመጥ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ፋናን ታውቂያታለሽ፣ የኔን ልጅ። ከቦንቱ በአንድ ወር ነው የምትበልጠው። ደሟ የወዬሳ ደም ነው፤ የወንድሙ ልጅ አይደለች? ለምርመራው እሷን እናቅርብ። ስሟን ቦንቱ እንላታለን። ፈረንጅ እንደሆነ ሁላችንንም አንድ አድርጎ ነው የሚያየን።»

ሽታዬ ቢላዋዋን ዓሣው ውስጥ እንደሰካች ቀና ብላ አየችው። የዓሣው ሐሞት ፈስሶ ጣቶቿን አረንጓዴ አድርጓቸዋል፤ እሱ ምንም አልመሰላትም። ይህ ሰውዬ ግን ከንፈሩን እየላሰ የገዛ ልጁን ስም ሲለውጥ፣ የእሷን ልጅ ከነስሟ ሲገፋት ስታይ ቀፈፋት።

«ቦንቱስ?» አለችው።

«ምን ቦንቱስ?»

«ቦንቱ የት ትሆናለች?»

«እሷማ…» ጋሮምሳ እጁን ወደ ባቱ አቅጣጫ ወርወር አደረገ። «እናት አላት አይደል? ወደ እናቷ ትመለሳለቻ።»

«ከሳጥኔ ላይ ተነስ።»

«ቆይ እስቲ፣ ቁም ነገር እኮ ነው የማወራሽ…»

ሽታዬ የአንጀቱን ባልዲ አንስታ ጫማው ላይ ገለበጠችው። ጋሮምሳ እየዘለለና እየተሳደበ ወጣ፤ ነጭ ጫማ ነበር ያደረገው፣ ታጥቦም አይለቅም። ለአንድ ሰዓት ያህል ደስ አላት። ከዚያ ደስታው አለቀና ጥላቻው ብቻ ቀረ።

ጋሮምሳ የመጨረሻው ቢሆን ምንኛ ጥሩ ነበር! በዚያው ሳምንት መልካሳ የምትኖር የወዬሳ አክስት ደውላ፣ ስለ ጤና፣ ስለ ዝናብ፣ ስለ ኑሮ ውድነት ጠይቃ ጠይቃ፣ «ልጅቷ ከወጣች አይቀር ቦታው ባዶ ከሚሆን…» ብላ የልጅ ልጇን ስም አነሳች። አንድ ኩየራ ኮሌጅ የተማረ የሩቅ ዘመድ ደግሞ የትምህርት ማስረጃውን ፎቶ አንስቶ ላከላት፤ ምን አድርጊልኝ እንዳለ እንኳ አልጻፈም። ሁሉም አፋቸው ላይ ያለችው አንዲት ቃል «ቦታው» ናት። የልጇን ቦታ እንደ ሚኒባስ ወንበር «ሰው አለው?» እያሉ ይጠይቋታል። ከእነዚህ ውስጥ «ቦንቱ ምን ትሆን ይሆን?» ያለ አንድ ሰው የለም። ኤጭ! ሰው ቅጽ ሲያይ እንዲህ ይሆናል ብላ አስባ አታውቅም። እነዚህ እኮ በየበዓሉ ቦንቱን አቅፈው ሲስሙ የኖሩ ሰዎች ናቸው።

ምክር ፍለጋ ጋሽ ዲበኩሉ ዘንድ ሄደች። ጋሽ ዲበኩሉ ፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ጃንጥላ ዘርግተው ማመልከቻ የሚጽፉ ሽማግሌ ናቸው፤ ድሮ በታይፕ ይጽፉ ነበር፣ አሁን አንዲት አሮጌ ላፕቶፕ ጉልበታቸው ላይ አድርገው ነው። የማይሆን ተስፋ ለማንም አይሰጡም፤ ስለዚህም ሰው ይፈራቸዋል። ሽታዬ ሁሉንም ነገረቻቸው። «አልወለድኳትም» የሚለው ቦታ ላይ ስትደርስ ቃሉ አልወጣ ብሏት «እንደሚያውቁት ነው» ብላ አለፈችው፤ እሳቸው ደግሞ ምንም አያውቁም ነበር።

«ልጄ፣ መንገዱ ሁለት ነው» አሉ ሲገባቸው። «አንደኛው፣ ያን የሽማግሌ ቃል ፍርድ ቤት እንዲያጸድቀው ማድረግ ነው። የወለዱት ሰዎች በሕይወት አሉ?»

«አባትየው ሞቷል። ሴትየዋ አለች።»

«እንግዲያው እሷ ዳኛ ፊት ቆማ ‹የወለድኳት እኔ ነኝ፣ ፈቅጄ ሰጥቻለሁ› ትበል። አንቺም ‹አልወለድኳትም› ትያለሽ። ልጅቷም ትጠየቃለች።»

«ቦንቱም?»

«እሷም። ያለ እሷ አይሆንም።»

ሽታዬ ነጠላዋን አፏ ላይ ጠቀለለች። «ሁለተኛውስ?»

«ሁለተኛው ቀላል ነው። ልጅቷን ከማመልከቻው ማውጣት። ባልሽም አንቺም ‹ልጃችን አይደለችም፣ በስህተት ተሞልቶ ነው› ብላችሁ ትፈርማላችሁ፤ ከዚያ እናንተ ታልፋላችሁ። እሷ ግን አንዴ በፊርማችሁ ከተካደች በኋላ በምን አፋችሁ ልጃችን ናት ትላላችሁ? በሩ ይዘጋባታል።»

ሽታዬ ፍርድ ቤቱን መረጠች። ዳኛ ፊት አንዴ ብላው ትወጣለች፤ ለቦንቱም ቀስ ብላ ታስረዳታለች፤ ምን ይደረግ? ወደ ሱቋ በባጃጅ ስትመለስ ልትለማመደው ሞከረች። «አልወ…» ስትል ባለ ባጃጁ «ምን አልሽኝ እናቴ?» ብሎ ዞረ። «ንዳ ወደዚያ!» ብላ ጮኸችበት። ምን አጠፋ? ምንም። አፏ ውስጥ የቀረው ግማሽ ቃል ነው ያስጮኻት።

በማግስቱ ባቱ ሄደች። ከአስፋልቱ ወርዳ ጋሪ ያዘች፤ በአበባ እርሻዎቹ ነጭ ፕላስቲክ ዳር ዳር አልፋ፣ ዱሬቲን የሽንኩርት ማሳ ውስጥ አገኘቻት። ዱሬቲ ባሏ ከሞተ ወዲህ ዓሣውን ትታ ሽንኩርት ለቀማ ገብታለች። ሽታዬ ካየቻት ዘጠኝ ዓመት ሆኗታል። ከስታለች፣ ሁለት የፊት ጥርሶቿ ወልቀዋል። ግንባሯ ግን የቦንቱ ግንባር ነው፤ መሐሉ ላይ ያለችው ሽብሽብ ሳትቀር። ሽታዬ ይህን ስታይ ዓይኗን መሬት ላይ ጣለች፤ ማየት ያልተፈቀደላትን ነገር ያየች መሰላት።

«አካም ጂርታ፣ ሃዳ ቦንቱ?» አለቻት ዱሬቲ፣ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች። እንዴት ነሽ፣ የቦንቱ እናት ማለቷ ነው።

ማሳው ዳር ባለች ግራር ጥላ ሥር ተቀመጡና በኦሮምኛ ተጫወቱ። ስለ ሽንኩርቱ ተነጋገሩ፣ ስለ ሐይቁ መሸሽ ተነጋገሩ፣ ስለ ዱሬቲ ባል ሞት ሽታዬ አለቀሰች። ከዚያ ፕላስቲክ ማኅደሯን ከቦርሳዋ አውጥታ ነገሩን ዘረገፈችው፤ ቅጹን፣ ሐኪሟን፣ ደብዳቤውን፣ ዳኛውን። እያወራች ሳለ ድምፅዋ ለራሷ የጋሮምሳን ድምፅ መሰላት። ጎፈነናት፤ ግን ጀምራዋለችና ጨረሰችው።

ዱሬቲ ሳታቋርጥ ሰማቻት። «ዳኛው ፊት ምን በይ ነው የምትይኝ?» አለች።

«የወለድኳት እኔ ነኝ በይ።»

«አልወለድኳትማ።»

«ዱሬቲ፣ እኔና አንቺ ብቻ ነን ያለነው።»

«ብቻችንን ብንሆንስ? አልወለድኳትም። አንቺ ነሽ የወለድሻት።»

«ለወረቀት ነው እኮ። የአንድ ቀን ነገር ነው። ካናዳ ትሄዳለች፣ ትማራለች፣ ሰው ትሆናለች። ላንቺስ ደስ አይልሽም?»

«የሰው ልጅ ቢያልፍለት ማን ይጠላል» አለች ዱሬቲ። እጇን ዘርግታ ጣቶቿን ማጠፍ ጀመረች። የልጆቿን ስም በየተራ ጠራች፤ ሁለት ወንድ፣ ሁለት ሴት። አራት ጣት ታጠፈ። አውራ ጣቷ ብቻዋን ቆማ ቀረች፤ ዱሬቲም አየቻትና እጇን ወደ ቀሚሷ ውስጥ ከተተችው። «ከእነዚህ ሌላ ልጅ የለኝም። ሌላ አለሽ የሚለኝ ካለ ያን ቀን የተቀመጡትን ሽማግሌዎች ይጠይቅ። እኔ መሄድ አልፈራም፤ ውሰጂኝ ካልሽ ነገ እሄዳለሁ። ዳኛው ሲጠይቀኝ ግን የምለው ያንኑ ነው።»

ሽታዬ መጀመሪያ ተናደደች። ግትር፣ ደረቅ፣ ወረቀት የማይገባት አለቻት በሆዷ። በመንገድ ላይ ለሁሉም መልስ አዘጋጅታ ነበር የመጣችው፤ ዱሬቲ ብታለቅስ፣ ልጄን መልሺልኝ ብትል፣ ገንዘብ ብትጠይቅ፣ ላያት ብትል፣ ለእያንዳንዱ የምትለው ነበራት። ይህኛውን ግን አላሰበችውም። ቀስ እያለ ገባት። ይህችን ሴት መሐላዋን ልታስበላት ነበር ሦስት ሰዓት መንገድ የመጣችው። ዘመድ ሁሉ ሲያቅለሸልሻት ከርሞ አሁን ተራው የራሷ ሆነ፤ ማኅደሩን የያዘው እጇ አስጠላት።

ጋሪው ላይ ስትወጣ ዱሬቲ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀቻት። «ልጅሽ ደህና ናት?»

«ደህና ናት።»

«ሰላም ትሁን» አለችና ወደ ሽንኩርቷ ተመለሰች። ዞራ አላየችም።

ከሁለት ቀን በኋላ፣ ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ገደማ፣ ወዬሳ ደወለ። እዚያ ጠዋት ነው፤ ፋብሪካ ከመግባቱ በፊት ነው የሚደውለው። ሽታዬ እጇ ዓሣ ውስጥ ስለነበር ከጎኗ የቤት ሥራ የምትሠራው ቦንቱ ስልኩን አነሳችላት፤ ድምፁን ከፍ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችውና ወደ ሒሳብ ደብተሯ ተመለሰች።

«ሽታዬ፣ ወረቀቱን ልኬልሻለሁ፣ አየሽው?» አለ ወዬሳ።

«የቱን ወረቀት?»

«የምንፈርመውን ነዋ። ሴትዮዋ እንደሆነ አልመሰክርም ብላለች፣ ዲኤንኤውም ዋጋ የለውም። ምን ቀረን? እኔ ፈርሜያለሁ፣ አንቺም ፈርመሽ ላኪልኝ።»

«ወዬሳ፣ ቆይ፣ ስልኩ…»

«ስሚኝ፣ ለጊዜው ነው! ለጊዜው እናውጣት። እኔ ፈቃዱን ልያዝ፣ አንቺ ነይ፣ ከዚያ በኋላ መንገድ አይጠፋም።»

«ይጠፋል። ጋሽ ዲበኩሉ ነግረውኛል።»

«ጋሽ ዲበኩሉ ስለ ካናዳ ምን ያውቃሉ! ጣቶቼ አለቁ እኮ፣ ሽታዬ። ማንኪያ መያዝ አቃተኝ። አራት ዓመት ቆሜ ባዶ እጄን ልመለስ? ለሰው ልጅ ብዬ?»

«ወዬሳ፣ ስልኩ ክፍት ነው!»

«አልወለድናትም እኮ! እኔም አልወለድኳት፣ አንቺም አልወለድሻት። እስከ መቼ ነው የምንሸፋፍነው?»

ሽታዬ በዓሣ እጇ ስልኩን ደፈጠጠችው። ድምፁ ተቋረጠ። መስታወቱ ላይ ደምና ቅርፊት ተለጠፈበት።

ቦንቱ እርሳሷን አስቀመጠች። ሽታዬ፣ «ታለቅስ ይሆን? ትጠይቀኝ ይሆን? ምን እላት ይሆን?» እያለች እጇን ከፍ አድርጋ እንደያዘች ጠበቀች። ልጅቷ ተነስታ ስልኩን በዩኒፎርሟ ጫፍ ጠረገችው። ጠረገችው፣ ደግማ ጠረገችው፣ አገላብጣ አየችውና አስቀመጠችው።

«እማዬ፣ አባዬ ደክሞት ነው» አለች። «ሲደክመው ነው እንጂ እንዲህ አይልም።»

ሽታዬ ወደ ጓሮ ወጥታ አስመለሳት። ሆዷ ውስጥ ምንም ሳይቀር እንኳ አልተዋትም። ግድግዳውን ተደግፋ ስለ ወዬሳ ጣቶች አሰበች፤ አሳዘኗት፣ ውሸት አይደለም። እነዚያን ጣቶች ታውቃቸዋለች። በአርባ ቀኗ ቦንቱን የተቀበሉት እነሱ ናቸው፤ ልጅቷ አመልካች ጣቱን ጨብጣ አልለቅ ስትለው ያ ሁሉ በሬ የበለተ ወንድ በሽማግሌ ፊት አልቅሷል። «ለሰው ልጅ ብዬ?» ያለውም ያው ሰው ነው። ይህ ነው የገማባት። ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ በቀለላት።

ጠዋት ቦንቱን ትምህርት ቤት አድርሳ በቀጥታ ፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ሄደችና ስልኳን ለጋሽ ዲበኩሉ ሰጠቻቸው። መነጽራቸውን አውርደው ወዬሳ የላከውን ወረቀት አነበቡ። ከታች የወዬሳ ፊርማ አለ፤ ጣቶቹ እንደማይታዘዙት ከፊርማው ያስታውቃል።

«አትሜ ላምጣልሽና ፈርሚበት?» አሉ።

«አይ ጋሼ፣ ሌላ ይጻፉልኝ። ከባለቤቴ ከወዬሳ የመኖሪያ ፈቃድ ማመልከቻ ላይ ስሜ ይሰረዝልኝ ይበሉ።»

«የልጅቷ ማለትሽ ነው?»

«የእኔ።»

ጋሽ ዲበኩሉ ቀና አሉ። «ልጄ፣ ሚስት ተብሎ የተሞላ ስም በማመልከቻ ብቻ አይሰረዝም። የፍቺ ውሳኔ ይጠይቃል።»

«እሱን ይጻፉልኛ። እዚሁ ፍርድ ቤት ነው አይደል የሚገባው? ዛሬውኑ አስገባዋለሁ።»

«አራት ዓመት ሙሉ ጠብቀሽ? ቢያንስ ንዴትሽ ይብረድ።»

«ንዴት አይደለም፤ ንዴትማ ይበርዳል። ቀፎኛል። ያን ወረቀት ፈርሜ እዚያ አገር ብገባ የምበላው ምግብ ከጉሮሮዬ አይወርድም። እሱ ፈቃዱን ያግኝ፣ አልከለክለውም። ብቻውን ከሆነ ይቀልለዋል፤ የሚጠይቀውም የለም።»

ሽማግሌው ላፕቶፓቸውን አስተካክለው የፍቺ ማመልከቻውን ጀመሩ። ስሟን፣ ስሙን፣ የተጋቡበትን ዓመት ጠየቋት፤ መለሰችላቸው።

«ከጋብቻው የተገኘ ልጅ አለ?»

«አለ። አንዲት ሴት ልጅ።»

«ስም?»

«ቦንቱ።»

«ቦንቱ ማን? የአባት ስም?»

ከኋላዋ ተራ የሚጠብቁ ሰዎች ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ስሙን መጥራት አፏ እንቢ አለ፤ ይለፉት፣ ባዶውን ይተዉት ልትላቸው ነበር። ጋሽ ዲበኩሉ ጣታቸውን ላፕቶፑ ላይ እንዳደረጉ ጠበቋት።

«ወዬሳ» አለች መጨረሻ ላይ። «ቦንቱ ወዬሳ ይበሉ። እሱ ቢክዳትም እሷ አልካደችውም።»

ጋሽ ዲበኩሉ ጻፉትና ወደሚቀጥለው መስመር ወረዱ።